መንገደኛው በሽታ

ኮሮና አገራችን በገባበት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. “ተላለፈ” የሚለው ግስ አራት ሥራ ደርቦ ይዞ ነበር። በሽታው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ሠርጉና ስብሰባው ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል። መግለጫው በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል። ክልከላውን የተላለፈ ይቀጣል። አራቱ በአንድ የምሽት ዜና ውስጥ ተከታትለው ቢመጡም ሰሚው አይደናገርም፤ ቃሉ ዱሮም ብዙ ቤት ያለው ነውና።

ወደ ሥሩ ስንወርድ ግዕዙ “ኀለፈ” ይገኛል፦ ሄደ፣ ተሻገረ፣ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው አለፈ። አማርኛ ኀን ዋጥ አድርጎ “አለፈ” አለ። አላፊ አግዳሚው፣ የቤቱ መተላለፊያ፣ ያለፈው ዓመት፣ ፈተና ያለፈው ተማሪ፣ “ዛሬ ሌሊት አለፈ” የሚባልለት ሟች፣ ሁሉም ከዚህ አንድ ግስ ወጡ። ደግ ነገር ስናይ የምንለው “ማለፊያ” እንኳ ከሌላው የሚያልፍ፣ የሚበልጥ ማለት ነው። እንግዲህ “ተላላፊ በሽታ” ስንል ከደጅ ወደ ደጅ የሚሻገር አንድ መንገደኛ በቃሉ ውስጥ ቆሞ ይታየናል። ይህን ካየሁ በኋላ ሌሎቹንም የወረርሽኝ ቃላት አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመርኩ። አብዛኞቹ የእግር ቃላት ሆነው አገኘኋቸው። በአማርኛ በሽታና መንገደኛ ከአንድ ጎተራ ይዘግናሉ።

የታክሲውን ነገር እዚህ ላይ ላንሣ። በአዲስ አበባ ሚኒባስ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተሳፋሪ ሒሳቡን ወደ ረዳቱ ሲልክ “አሳልፉልኝ” ይላል። ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ መልሱም በመጣበት ይመለሳል። “አሳለፈ” የዚያው የ“አለፈ” አስደራጊ ነው። በመጋቢት ግን እጆች ማመንታት ጀመሩ። የብሩን ጫፍ በሁለት ጣት ይዞ የሚያቀብል ነበር፤ በሶፍት የሚቀበል ነበር፤ መልሱን “ተወው” ብሎ የሚወርድም ነበር። ነፋስ ይመታኛል ብሎ መስኮት የሚዘጋ ተሳፋሪ ራሱ “ክፈቱት እንጂ” ይል ጀመር።

ወደ ቃላቱ። “ተስቦ” የዱሮ ሰው ታይፈስንም ታይፎይድንም የሚጠራበት ስም ነው። ቅርጹ ቦዝ አንቀጽ ነው፦ ሳበ፣ ተሳበ፣ ተስቦ፤ እንደ ያዘ፣ ተያዘ፣ ተይዞ። ግዕዙ “ሰሐበ” ይላል፣ ጎተተ ማለት ነው፤ እዚህም ሐ ተውጣለች። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን አይቆምም፣ ማሰሪያ ይፈልጋል፤ ተስቦ መጣ፣ ተስቦ ገባ። ይህ ስም ግን ማሰሪያውን ሳያገኝ ስም ሆኖ ቀረ። ከአንዱ ቤት ተስቦ ወደ ሌላው፣ ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም። ከበሽታ ስሞቻችን ሁሉ እንደዚህ ያለ ቅርጽ ያለው ሌላ አላውቅም።

“ወረርሽኝ” ከ“ወረረ” ነው፤ ወራሪ፣ ወረራ፣ ተወረረ። ጭራው “‑ሽኝ” በሌሎች ስሞች ላይ እምብዛም አትታይም፤ ግንዱ ግን ግልጽ ነው። ይኸው ግስ ለጠላት ጦርም፣ ለአንበጣም፣ ለአረምም ይነገራል። በ2012 አንበጣውና በሽታው ተገጣጠሙ። የበረሃ አንበጣ መንጋ በምሥራቅና በሰሜን ማሳ ላይ ሲያርፍ “ወረረ” ተብሎ ነበር፤ ወራት ሳያልፉ ቃሉ ለሳንባ በሽታ ተፈለገ። “ተዛመተ”ም ከዚሁ ሰፈር ነው። ዘመተ፣ ዘማች፣ ዘመቻ፤ ከዚያ “ተዛመተ”፣ በሰው መካከል እየተሻገረ ተሰራጨ። ልማደኛው ሐረጋችን “እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ” ነው። “ሰደድ” የ“ሰደደ” ልጅ ነው፤ ግዕዙ አባረረ ይላል፣ አማርኛው ላከ። ወንድሞቹ ስደት፣ ስደተኛ፣ ተሰደደ ናቸው። አምስት ቃል በማይሞላ ሐረግ ውስጥ ዘማቹም ስደተኛውም አብረው አሉ።

“ረቂቅ ተሕዋስያን” የተባሉትስ? ግዕዙ “ሖሰ” ነቀነቀ፣ አወዛወዘ ሲሆን “ተሐውሰ” ተንቀሳቀሰ ነው። “ተሐዋሲ” ተንቀሳቃሽ፣ “ተሐዋስያን” ተንቀሳቃሾች። መጻሕፍት በምድር ላይ ለሚሳቡትና ለሚንቀሳቀሱት ፍጥረታት ሁሉ ይሉት ነበር፤ የዘመኑ ሰው በዓይን ለማይታዩት አዋሰው። ስሜት የሚል ትርጉም የነበረው “ሕዋስ”ም የዚሁ ዘር ነው ይባላል፤ ዛሬ የባዮሎጂ መማሪያ ይዞታል። እንቅስቃሴ የታገደው እንግዲህ “ተንቀሳቃሾች” በተባሉት ምክንያት ነው። “ቫይረስ” ግን በላቲን ዝልግልግ ፈሳሽ፣ መርዝ ማለት ነበር፤ በራሱ አይሄድም፣ ተሸካሚ ይፈልጋል። ለሳይንሱ ይህ ይበልጥ ይቀርበዋል።

አሁን ወደ “ኮሮና”። በላቲን አክሊል፣ የአበባ ጉንጉን ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት በግሪክ “ኮሮኔ”፣ ቀለስ ያለ፣ ጎበጥ ያለ ነገር። ስሙን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ካወጡት የቫይረስ ተመራማሪዎች መካከል ጁን አልሜዳና ዴቪድ ታይረል ይገኛሉ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱት ዙሪያው የፀሐይን ኮሮና፣ በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ ጠርዟን ከብቦ የሚታየውን የብርሃን ቀለበት አስታወሳቸው። በ2012 ሰኔ 14 ቀን በላሊበላ ሰማይ የታየው ግርዶሽ ቀለበታዊ ስለነበር የፀሐይ ኮሮና አልታየበትም፤ በምድር ላይ ስሙ በየአፉ ሳለ።

መኪና ወዳድ የአዲስ አበባ ሰው ኮሮናን ከቫይረሱ በፊት ያውቀዋል። ቶዮታ ለመኪኖቹ ሦስት ጊዜ ያንኑ ስም አውጥቷል፦ ክራውን ዘውድ ነው፣ ኮሮና አክሊል ነው፣ ኮሮላ ደግሞ በላቲን ትንሿ አክሊል። ከተማው “ዲኤክስ” እያለ የሚጠራት አሮጌዋ ኮሮላ፣ ስሟ ሲተረጎም፣ አክሊሊት ናት።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን የአክሊል የራሱ የግዕዝ ዘር ነው። “ከለለ” ጋረደ፣ ከበበ፣ ዙሪያውን ያዘ። ከዚያ “አክሊል”፣ ራስን የሚከብበው፤ “ክሉል”፣ አክሊል የደፋ፤ “ተክሊል”፣ ሙሽሮች አክሊል የሚደፉበት የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ። አማርኛ ያንኑ ግስ ወስዶ ወደ ጥላና ወደ አጥር አወረደው፦ ከለለ፣ ተከለለ፣ መከለያ፣ ከለላ። “ፖለቲካዊ ከለላ”፣ “የደን ክልል” የምንለው ከዚህ ነው። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ደግሞ “ክልል” የፌዴሬሽኑ አባል መንግሥት ስም ሆነ። የኮሮና አማርኛ ፍቺ አክሊል፣ የአክሊል ወንድም ክልል!

ይህ ዝምድና በዚያ ወር በካርታ ላይ ታየ። አማራ፣ ኦሮሚያና ትግራይ የሕዝብ ማመላለሻን አገዱ፤ ባሕር ዳር ለ14 ቀን ተዘጋች። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ወይም ወደ ጂማ ሊሄድ ጓዙን ያሰረ ሰው ጥያቄው “ክልሉ ያስገባል ወይ?” ሆነ። እናቱ ታማ የምትጠብቀው ልጅ፣ ለፋሲካ አገሩ ሊገባ ያሰበ የቀን ሠራተኛ፣ ከመናኸሪያ የሚመለሱት ይህን እየተጠያየቁ ነበር። ከጾሙ ፍቺ በኋላ ደግሞ ወትሮ የሠርግ ጊዜ የሆነው ሚያዝያ ባዶ ሄደ። መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ በአራት ሰው ሠርግ አይደገስም። ኮሮና ክልልን አጠረ፣ ተክሊልን አዘገየ፤ ሦስቱም ዙሪያን መያዝ ናቸው። “ከለከለ” ግን፣ ድምፁ ቢያሳስትም፣ ከዚህ ቤት አይደለም፤ ያ ከግዕዙ “ከልአ”፣ ነፈገ፣ አገደ፣ የወጣ ነው።

ለመንገደኛው ያለንን ስም ደግሞ እንይ። በግዕዝ “ነገደ” ሄደ፣ ተጓዘ፣ ዕቃ ይዞ ዞረ ነው። “ነጋዲ” መንገደኛ፣ ተሳላሚም ጭምር። “ነግድ” እና “እንግዳ” ከሌላ አገር የመጣ። “መንገድ” ጉዞው፣ ከዚያም የተጓዘበት መስመር። አማርኛ ከእነዚህ ሦስቱን ተቀብሎ አከፋፈላቸው፤ ነጋዴውን ለገበያ ሰጠው፣ እንግዳውን ለቤት፣ መንገዱን ለእግር። ነጋዲ እንደ ልማዱ ቢሆን “ነጋጅ” መሆን ነበረበት። ወላዲ ወላጅ፣ ፈራዲ ፈራጅ፣ ሰጋዲ ሰጋጅ ሆኗልና፤ የሣልስ ቅጽሉ “ዲ” በአማርኛ አፍ “ጅ” ይሆናል። ነጋዴ ግን አመለጠ።

ከአንድ ሥር እንግዳና ነጋዴ መውጣታቸው ቀድሞ መልካም ዜና ነበር። ሰው ከሩቅ ሲመጣ ጨው፣ ጨርቅና ወሬ ይዞ ይመጣል። በመጋቢት 4 በአገራችን በቫይረሱ መያዙ የተነገረለት የመጀመሪያው ሰው ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ “እንግዳ” የሚለው ቃል ለጥቂት ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። በመንገድ ላይ የውጭ ዜጋን ያዋከቡ ነበሩ፤ መንግሥትም በይፋ አወገዘው። እንግዳ እግሩ የሚታጠብበት አገር ውስጥ ይህ መሆኑ ዛሬም ያሳዝነኛል።

“ጉዞ” ከሌላ ሥር ነው። ግዕዙ “ግዕዘ” ይላል፣ ከሰፈሩ ተነሣ፣ ቤቱን ለቆ ሄደ። ትግርኛ ዐን አልዋጠምና “ጉዕዞ” ይላል። አማርኛ ዋጠና “ጉዞ” አለ፤ ተጓዘ፣ ተጓዥ፣ ጓዝ። ጓዝ መንገደኛው ይዞት የሚነሣው ዕቃ ነው፤ “ጓዜን ጠቅልዬ” እንላለን። ይኸው ሥር በግዕዝ ሌላ ፊትም አለው፦ “አግዐዘ” ነጻ አወጣ፣ “አግዓዚ” ነጻ አውጪ፣ “ግዕዛን” ነጻነት። ሊቃውንት የቋንቋውን ስም ከዚህ ጋር ያዛምዱታል። ከቤቱ ተነሥቶ መሄድ የሚችል ሰው በግዕዝ ግዑዝ ነው፣ ማለት ነጻ። ጌታ ያለው ባሪያ ሲፈልግ አይነሣም፤ የትርጉሙ ድልድይ ይህ ይመስለኛል። የጉዞ ክልከላ ሰዎችን ከጤና ይልቅ በክብር በኩል የነካቸው ለምን እንደ ሆነ ሳስብ ወደዚህ ሥር እመለሳለሁ።

መጋቢት 11 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ 30 አገሮች የሚያደርገው በረራ እንደሚቋረጥ ተነገረ። በየሞባይሉ የገባው ቃል “ተሰርዟል” ነበር። ሰረዘ፣ በጽሑፍ ላይ መስመር ሳበ፤ ሰረዝ፣ የሥርዓተ ነጥቡ መስመር። በረራ በቀለም እንደሚጠፋ ስም ይሰረዛል፣ ጉዞ ደግሞ ይተላለፋል፤ ተሰረዘ የሚለው ተስፋ አይሰጥም፣ ተላለፈ የሚለው ይሰጣል። በዋሺንግተንና በሮም ቲኬት ቆርጠው የነበሩ ዘመዶች በስልክ ይህንኑ ነበር የሚጠይቁት፦ ተላለፈ ነው ወይስ ተሰረዘ?

ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ሁሉ በራሱ ወጪ 14 ቀን በሆቴል ተለይቶ እንዲቆይ ተወሰነ። ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሱት ስደተኞች ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አረፉ፤ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ተልከው የተለቀቀ ማደሪያ ነበርና። የዚህን ቆይታ ስም በተመለከተ አማርኛ ሦስት መንገድ ሞከረ።

አንደኛው “ኳራንቲን” ነው። የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ የያኔዋ ራጉዛ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1377 በሽታ ካለበት አገር የሚመጣ ሁሉ 30 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ደነገገች። ሠላሳው ከጊዜ በኋላ አርባ ሆነ፤ በቬኒስ አፍ “ኳራንታ” አርባ ነው። ቬኒስ በ1423 በደሴት ላይ የሕሙማን ማቆያ ሠራች፤ ስፍራው በናዝሬት ማርያም ስም የሚጠራ ነበርና ናዝሬትና አልዓዛር ተደባልቀው “ላዛሬቶ” የሚለውን ስም ወለዱ። ለምን አርባ? ለክርስቲያን ጆሮ አርባ የጾምና የፈተና ቁጥር ስለ ሆነ ነው ይባላል። ጣልያን ዐቢይ ጾምን “ኳሬዚማ” ይለዋል። እኛም “ጾመ አርብዓ” እንለዋለን፤ አርብዓ፣ ረቡዕ፣ አርባዕቱ፣ ሩብ፣ ሁሉም ከር‑ብ‑ዕ። ወረርሽኙ አገር በገባበት ዓመት ሁዳዴ የጀመረው በየካቲት 16 ነበር፤ ፋሲካም ሚያዝያ 11 ዋለ። ኳራንቲኑ በቃልም በቀንም በጾመ አርብዓ ውስጥ ወደቀ።

ሁለተኛው “ለይቶ ማቆያ” ነው። የመንግሥት አማርኛ ይህን መረጠ። “ለየ” የግዕዙ “ሌለየ” ነው፣ ነጠለ። ልዩ፣ መለያ፣ ልዩነት ከዚያ ናቸው። “በሞት ተለየ”ም ከዚያው ነው፤ ሽማግሌዎች “ለይተው ወሰዱት” ሲባሉ ፊታቸው የሚቀየረው ይህ ጥላ ስላለበት ይመስለኛል። “ማቆያ” ግን የዋህ ቃል ነው፤ ቆየ፣ አቆየ፣ ቆይታ፤ ማቆየት ከብልሽት መጠበቅም ነው። ሁለቱ ቃላት አንዱ ሲያስፈራ ሌላው ያባብላል።

ሦስተኛው “ውሸባ” ነው፤ “ራስን ወሽቦ ማቆየት” የሚለው ሐረግ በዜና መሰማት ጀመረ። እኔ ከሦስቱ ይህን እመርጥ ነበር። ወሸበ፣ ተወሸበ፣ ወሻቢ፣ ውሸባ፤ ሦስት ፊደል ያለው ግስ በአማርኛ እንደ ልብ ይረባል፣ ኳራንቲን አይረባም። ሆኖም አልሰፋም።

ለነገሩ በቤት ተከትቶ መቆየት በእኛ ዘንድ አዲስ አይደለም፤ ስምም አላጣም። “አራስ” የግዕዙ “ሐራስ” ናት፣ የወለደች ሴት። በወንድ 40፣ በሴት 80 ቀን ቤተ ክርስቲያን ሳትገባ ትቆያለች፤ ገንፎ ይገባላታል፣ ጠያቂዋ አይቋረጥም። “ሱባኤ” ከሰባት ነው፣ ሰብዐቱ፤ ሰባት ቀን እየቆጠረ በአት የሚዘጋ ሰው ሱባኤ ገባ ይባላል። “ባሕታዊ” ከ“ባሕቲቱ” ነው፣ ብቻውን። ጫጉላም አለ፣ ለሙሽሮች። እነዚህ ሁሉ መግቢያና መውጫቸው የታወቀ፣ ሰውየው ለምን እንደ ገባ የሚያውቅባቸው ቃላት ናቸው። የመጋቢቱ መዘጋት መውጫው አልታወቀም። “እስከ መቼ?” የሚለው ጥያቄ ሰውን ከበሽታው እኩል ያስጨነቀው ለዚህ ነው።

የሌሎች አገሮችን ድፍን መዘጋት አማርኛ “የእንቅስቃሴ ገደብ” አለው። “ገደብ” ከ“ገደበ” ነው፣ ውኃን አገደ፤ “ግድብ”ም ከዚያው። በዚያ ዓመት ሬዲዮ ከከፈቱት ከሁለቱ አንዱን ሳይሰሙ አይዘጉትም። የሕዳሴው ግድብ ድርድር ዋሺንግተን ላይ ሲጓተት ቆይቶ በሐምሌ የመጀመሪያው ሙሌት ተነገረ፤ በመካከል የሰው ጅረት ተገደበ። ኢትዮጵያ ድፍን መዘጋትን አልመረጠችም። የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚያገኝ ሰው ብዙ ነውና፤ ሊስትሮው፣ ጉልት ላይ የምትቸረችረው፣ ረዳቱ ቤት ቢቀመጡ ማታ የሚበሉት የለም። “ቤት ቆዩ” የሚለው ትእዛዝ በእነርሱ ጆሮ “አትብሉ” ይል ነበር።

“አዋጅ” ራሱ ተጓዥ ነው። ግዕዙ “ዖደ” ዞረ፣ ከበበ። “ዐውድ” ክብ፣ አውድማ፤ “ዐውደ ዓመት” የዓመቱ ዙር። “ዐዋዲ” ዞሮ የሚናገር፣ ነጋሪት እየመታ በየገበያው የሚዞር ሰው። ከላይ ባየነው ልማድ ዲ ጅ ሆና ዐዋዲ “አዋጅ” ሆነ፤ ስሙም ከሰውየው ወደ ንግግሩ ተሻገረ። ሰው ሁሉ ባለበት ይቁም የሚለው ቃል በእግር የሚዞር ቃል ነው።

አዋጁን ተከትሎ “ተያዘ” ሁለት ቤት ገባ። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየዕለቱ ስንት ሰው በቫይረሱ እንደ ተያዘ ያሳውቁ ነበር፤ ፖሊስ ደግሞ አዋጁን ጥሰው ስንት ሰዎች እንደ ተያዙ። ግዕዙ “አኀዘ” ነው። በአማርኛ በሽታን ሰው አይዘውም፤ በሽታው ሰውን ይይዘዋል፦ ጉንፋን ያዘኝ፣ ወባ ያዘው፣ ኮሮና ያዛት። አድራጊው በሽታው ነው፤ ከላይ ካየናቸው ዘማችና ወራሪ ጋር ይስማማል።

ስለ “ማኅበራዊ ርቀት” አንድ ቅሬታ አለኝ። “ርቀት” ከ“ርኅቀ” ነው፣ ራቀ። “ማኅበር” ከ“ኀበረ”፣ ተባበረ፣ አንድ ሆነ፤ “ኅብረት”፣ “ኅብር”፣ ኀ ሲዋጥ ደግሞ “አብሮ”። ማኅበራዊ ርቀት ማለት እንግዲህ አብሮነታዊ መራራቅ ነው፤ ዘሩ ከዘሩ ይጣላል። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በመጋቢት “አካላዊ” የሚለውን መረጠ፤ አማርኛውም “አካላዊ ርቀት” አለ፣ በጊዜው የተደረገ መልካም እርማት ነበር። የጽዋ ማኅበሩ ቀርቶ ሳለ ስሙ እንኳ ከርቀት ጋር አለመታሰሩ ያጽናና ነበር።

ገበያውም ቃል አልነፈገንም። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዝንጅብል ተሻሙ፤ ዝንጅብል ከሕንድ ተነሥቶ በዓረብ ነጋዴዎች አፍ የደረሰን ስም ነው። ከሁሉ የጠፋው ግን አልኮል ነበር። ዓረብኛው “አል ኩሕል” ነው፤ ለዓይን የሚቀባ የደቀቀ ጥቁር ዱቄት። ግዕዝ “ኵሕል” ይላል፣ አማርኛ ሐን ውጦ “ኩል”። የአውሮፓ ቀማሚዎች ቃሉን ተውሰው መጀመሪያ ለማንኛውም ልም ዱቄት፣ ቀጥሎ ለተነጠረ ነገር ሁሉ፣ በመጨረሻ ለወይን መንፈስ አዋሉት። ኩል በአያቶቻችን ብልቃጥ፣ አልኮል በፋርማሲ ሰልፍ፤ ስማቸው አንድ ነው።

ለዚህ በሽታ ዓለም የሰጠው ስም ዓመት የያዘ ስም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካቲት 3 ቀን ኮቪድ‑19 ሲለው 19ኙ የአውሮፓ 2019 ነው። በሽታን በአገር ስም መጥራት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በወጣ መመሪያ ቀርቶ ነበርና። ከመቶ ዓመት በፊት ዓለም “የስፔን” ያለውን ኢንፍሉዌንዛ ያገራችን ሰው በማንም አላሳበበም፤ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ስለ ጸናበት “የኅዳር በሽታ” አለው። አዲስ አበባ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት፣ ጢሱ ከተማውን የሚያለብስበት “ኅዳር ሲታጠን” ከዚያ ይቆጠራል። “ታጠነ” ከግዕዙ “ዐጠነ” ነው፣ ዕጣንም ከዚያው፤ በ2012ም ካህናት ማዕጠንት ይዘው በየጎዳናው ወጡ።

የወሩን ስም ሊቃውንት ከ“ኀደረ” ጋር ያያይዙታል፣ ኖረ፣ ሰፈረ። “ማኅደር” ማደሪያ፣ ዛሬ የመጽሐፍ ልባስና የመዝገብ መያዣ። አማርኛ ኀን ውጦ “አደረ” ሲል ትርጉሙን አጠበበው፤ መኖር ቀርቶ አንድ ሌሊት ሆነ። በየጧቱ “ደኅና አደራችሁ?” ብለን የምንጠያየቀው በዚህ ግስ ነው። “ደኅና” ከ“ድኅነ” ነው፣ ዳነ፣ አመለጠ፤ መድኃኒትና መድኅን ወንድሞቹ ናቸው፣ የጉዞ ዋስትና የሚሸጠው “መድን”ም። ከሪያድና ከቴል አቪቭ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በሌሊት የሚደወለው ስልክ “ደኅና አደራችሁ?” ሲል፣ ግዕዙ ድናችሁ ኖራችሁ ወይ ይላል። ሁለቱም ሥሮች ኀ ነበራቸው። በ“አደረ” ጠፍታለች፤ በ“ደኅና” ግን ጥንቁቅ ጸሐፊ ዛሬም ይጽፋታል፣ አንባቢም ባይጠራት ያያታል።